አሥር ሰው ይበቃል

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የባቡር ሠራተኞች ጉዳይ ናቸው። ሦስቱም የመጡት ከከተማው ዳር ነው፤ ከፉሪ፣ ከቃሊቲ እና ከገላን። የፉሪው ልጅ ደብዳቤ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። መልሱን ግን ማሳጠር አልሆነልኝም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ፉሪ ነው። የሐዲድ ጥገና በኮንትራት በሚወስድ አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራችን የሌሊት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገብተን ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንወጣለን፣ በሳምንት ስድስት ሌሊት። እራት የምንበላው ቆመን ነው። ለሌሊቱ 50 ብር አበል ይጨመርልናል። ስንወጣ ታክሲ የለም። ጅቡንም ሌባውንም ስለምንፈራ ተጠባብቀን በቡድን ነው ወደ ቤት የምንሄደው። ውላችን የሦስት ወር ነው። ባለቀ ቁጥር አዲስ ያስፈርሙናል፤ እኔ ሰባት ጊዜ ፈርሜያለሁ። በጠቅላላው 34 ነን። በቅርቡ አንድ ጓደኛችን ጠጠሩ ላይ እግሩ ዞሮበት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። የአንድ ሳምንት ከፍለውት "ታመሃል፣ ሲሻልህ ትመጣለህ" አሉት። ከዚያ በኋላ ማኅበር እናቋቁም ብለን መመካከር ጀመርን። ፎርማናችን ሰማና "ማኅበር ማኅበር የሚል ሰው ቀጣዩን ውል አይፈርምም" አለን። እውነት ሊያባርሩን ይችላሉ? ማኅበርስ ምን ያደርግልናል? አንዳንዶቹ ልጆች መዋጮ ከመብላት ሌላ ሥራ የለውም ይላሉ።

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። አባቴ በድሮው ምድር ባቡር አቃቂ ላይ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ጠዋት ቤት ሲገባ ጫማውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ነበር የሚገባው፤ ከጫማው የሚወድቀውን ጠጠር እኔና ወንድሜ ለመጫወቻ እንለቅም ነበር። እኔ ደግሞ አድጌ እዚያው አቃቂ አንድ ፋብሪካ ገባሁ። 22 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ 14ቱን ዓመት የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግርህ ከሕጉም ከኑሮውም ነው።

መጀመሪያ ስለ ፍርሃታችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የማኅበር አባል መሆን፣ በሕጋዊ የማኅበር ሥራ መሳተፍ፣ የሠራተኛ ተወካይ መሆን ወይም ለመሆን መፈለግ፣ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ፣ አንዱም ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም። አንቀጽ 14 ደግሞ አሠሪው ሠራተኛውን ማኅበር እንዳይገባ ማስገደድ እንደማይችል ይናገራል። ፎርማኑ የተናገረው ይህን የሚነካ ነው። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ወደ ሥራው እንዲመለስ ሊወሰንለት ይችላል። ውዝፍ ደመወዙም እስከ 6 ወር፣ ጉዳዩ ይግባኝ ድረስ ከሄደም እስከ አንድ ዓመት ሊታሰብለት ይችላል። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በል። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። "ዛሬ ነገ ይጠሩኛል" እያሉ ቤት ተቀምጠው 3 ወሩ ያለፈባቸው ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። እጄ ላይ መዝገባቸውን ይዤ ምንም ላደርግላቸው ያልቻልኩ አሉ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

"አላባረርናችሁም፣ ውሉ አልቆ ነው" ይሉ ይሆናል። ለዚህም መልስ አለ። በሕጉ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ነው የሚቆጠረው። ለተወሰነ ጊዜ ነው የሚባለው ሥራው ራሱ ጊዜያዊ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ በወሊድ ፈቃድ የወጣች ሴት ቦታ ላይ የሚገባ ሰው፣ ወይም ድንገት የበዛ ሥራ። ሐዲድ ዘንድሮም ከርሞም ይጠገናል። ሰባት ጊዜ ያስፈረሙህ ሥራው ስላላለቀ ነው። እነዚያን ሰባት ወረቀቶች አንዱንም አትጣል። ቅጂ ካልሰጡህ ስትፈርም በስልክህ ፎቶ አንሳው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ የባቡር ሠራተኛ ማኅበር ዋና ሥራው ሰዓት መጠበቅ ነው ብዬ ስለማምን። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ሐዲድ ላይ ሲቆም አደጋው የእሱ ብቻ አይደለም። ብሎኑን በደንብ ሳያጠብቅ ቢያልፍ ጠዋት መንገደኛ የጫነ ባቡር ነው በላዩ የሚሄደው።

የእናንተ የሌሊት ሥራ ርዝመቱ 11 ሰዓት ነው። በሳምንት 66 ሰዓት ማለት ነው። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ቢበዛ በሳምንት 12 ነው፤ እናንተ 18 እየሠራችሁ ነው። ክፍያውን ደግሞ አብረን እናስላው። ስምንቱ ሰዓታችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሰዓት ትርፍ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በሕጉ 1.75 እጥፍ ይከፈላል። የአንድ ሰዓት ደመወዝህ 40 ብር ቢሆን፣ ትርፉ 70 ብር ይሆናል። ሦስት ሰዓት 210 ብር። የሚሰጧችሁ 50 ነው። በሳምንት ስድስት ሌሊት ሲባዛ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሆን አንተው አስላው። በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ትርፍ ማሠራታቸው ጥፋት ነው፤ የሠራችሁበት ገንዘብ ግን በዚያ ምክንያት አይቀርም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄም ይርጋ አለው፤ 6 ወር ነው። ከዚያ ያለፈው ይቃጠላል።

ይህን ለመጠየቅ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። አባቴ ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ነበር። የደረት ኪሱ ውስጥ ጠርዙ በዘይት የጠቆረ ትንሽ ደብተርና በቢላ የተቀረጸ እርሳስ አይጠፋም ነበር። ሰዓት አልነበረውም። "የድሬዳዋው ባቡር ሳያልፍ ገባሁ፣ የጭነቱ ካለፈ በኋላ ወጣሁ" ብሎ ይጽፍ ነበር፣ ከነቀኑ። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው "የማኅበሩ ሰውዬ ጻፉ ብሎናል" አለኝ።

እሱን አስታውሼ ነው ፋብሪካ ውስጥ ደብተር ያስጀመርኩት። የማታ ፈረቃ ሴቶች ማሽን ለመረከብ በየቀኑ 40 ደቂቃ ቀድመው ይገቡ ነበር፣ ያለ ክፍያ። ስንጠይቅ "ማን ቀድማችሁ ግቡ አላችሁ?" ተባልን። ከዚያ 14 ሴቶች ለሁለት ወር የገቡበትን ሰዓት በየደብተራቸው ጻፉ። አንዷ የልጇን የሒሳብ ደብተር ከጀርባው ነበር የምትጽፍበት። በድርድሩ ቀን 14ቱን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። የአስተዳደሩ ሰው የመጀመሪያውን አነበበ፣ ሁለተኛውን አነበበ፣ ሦስተኛው ላይ ዘጋው። በ14 ሰው የእጅ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ሰዓት ነው የተጻፈው። 40 ደቂቃዋ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ተከፈለች።

እናንተም ዛሬ ማታ ጀምሩ። የገባችሁበት፣ የወጣችሁበት፣ የሠራችሁበት ቦታ፣ አብሯችሁ ማን እንደነበረ። ፎርማኑ ያን ቃል የተናገረበትን ቀንና የሰሙትንም ሰዎች ጻፉ።

ማኅበሩን ለማቋቋም 34ታችሁም መስማማት የለባችሁም። አሥር ሰው ይበቃል። አሥር የምትተማመኑ ሰዎች እረፍት ቀናችሁ ላይ አንዳችሁ ቤት ተሰብሰቡ፣ ቡና ይፈላ፣ መተዳደሪያ ደንቡን አንብባችሁ ተወያዩበት። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ እና ኦዲተር ምረጡ። ቃለ ጉባኤ ያዙና ሁላችሁም ፈርሙበት። ከዚያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የሚይዘው የመንግሥት ቢሮ ሄዳችሁ መመዝገብ ነው። እናንተ ሰፈር ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ አጠገባችሁ ያለው ለቡ አዲስ አበባ ነው፣ ፉሪ ደግሞ ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። ሥራችሁ ሁለቱንም የሚነካ ይመስለኛል። ስለዚህ የድርጅቱን አድራሻና የሥራ ቦታችሁን ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የትኛው ቢሮ እንደሚመዘግባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ሥር የትራንስፖርትና መገናኛ ዘርፍ ፌዴሬሽን አለ፤ የመተዳደሪያ ደንብ ናሙናም ምክርም ከእነሱ ማግኘት ትችላላችሁ። የምዝገባ ሰርተፊኬቱ እጃችሁ እስኪገባ የስም ዝርዝሩን ለማንም አታሳዩ።

ስትመዘገቡ ዋናው ሥራ ይጀመራል፤ የኅብረት ስምምነት፣ ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው የሚፈርሙት ውል ማለት ነው። ማኅበሩ እንደራደር ብሎ በጽሑፍ ሲጠይቅ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። አዋጁ ዝቅተኛውን ነው የሚያስቀምጠው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የምታገኙት ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ላይ የሚጻፈውን ከአሁኑ አስቡ። እኔ ብሆን የማስቀድመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። በጅቡቲው መስመር ላይ ከባቡሩ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ነው። "ጠፍቷል፣ ሥሩ" የሚል የስልክ ቃል አይበቃም። ኃይሉ መቋረጡንና ሽቦው ወደ መሬት መታሰሩን የሚያረጋግጥ በሰዓት የተፈረመ ወረቀት ቡድኑ እጅ ሳይገባ ማንም ሐዲድ ላይ እንዳይወጣ ይጻፍ። ባቡር መምጣቱን ብቻ የሚጠብቅ፣ ሌላ ሥራ የማይሰጠው ሰውም በየቡድኑ ይኑር። ሁለተኛው የሌሊት 11 ሰዓቱ ሰርቪስ ነው። እናንተ ከጅብ ጋር እየተጋፋችሁ ቤት መግባታችሁ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም።

ስለ መዋጮው ልጆቹ የሚሉት ውሸት ነው አልልም። ደረሰኝ የማይቆርጥ ማኅበር አይቻለሁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ፈረሰ፣ የከፋው ደግሞ ሠራተኛው ከዚያ በኋላ ማኅበር የሚለውን ቃል መስማት ጠላ። ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ ደረሰኝ ይቆረጥ። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው ተጽፎ ሁሉም የሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ገንዘብ ያዡ የሊቀመንበሩ ዘመድ አይሁን። የማኅበር መሪዎች ለድርድርና ለክርክር ሲወጡ ደመወዛቸው የሚታሰብ ፈቃድ በሕግ ስላላቸው ለዚያ ከመዋጮ የሚወጣ አበል ብዙም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፈው ከቃሊቲ ነው። ወንድሜ የከተማ ባቡር ነጂ ነው። "እኛ አድማ መምታት በሕግ ተከልክለናል፤ ታዲያ ማኅበር ምን ይጠቅመናል?" ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ መከልከሉ እውነት ነው፣ የኔ እህት። አዋጁ እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት የሚላቸው አሉ፤ የአየር ትራንስፖርት፣ መብራት፣ ውኃ፣ ሆስፒታል፣ እሳት አደጋ፣ ቴሌ። የከተማ ቀላል ባቡርም ከነሱ ጋር ተዘርዝሯል። የሀገር አቋራጩ ባቡር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በዚያ በኩል ያለ ሠራተኛ ሥራ ማቆም ቢፈልግ መጀመሪያ በስምምነት ለመፍታት መሞከር አለበት፣ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን አለበት፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያም መስጠት አለበት።

ወንድምሽ ጋ ያለው መንገድ ቦርድ ነው። እንደዚህ ባሉ አገልግሎቶች ውስጥ የደመወዝና የመሳሰለው የወል ክርክር፣ ማለትም ሠራተኞቹን በጋራ የሚመለከት ክርክር ሲነሳ ጊዜያዊ ቦርድ ተቋቁሞ ያየዋል። እዚያ ቀርቦ የሚከራከረው ማኅበሩ ነው። አንድ ነጂ ብቻውን የወል ክርክር ይዞ መቅረብ አይችልም። አድማ ለሌለው ሠራተኛ ማኅበር የበለጠ ያስፈልገዋል የምለው ለዚህ ነው።

የአሜሪካ የጭነት ባቡር ሠራተኞችን ነገር ለወንድምሽ ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያ 12 ማኅበራት ከባቡር ድርጅቶቹ ጋር ሲደራደሩ ከረሙ። ደመወዙ ተጨመረ፤ ያስቸገረው የሕመም ቀን ነበር። ሠራተኛው ታሞ ሲቀር የሚከፈለው የሕመም ቀን አልነበረውም። የአራት ማኅበራት አባላት ስምምነቱን በድምፅ ጣሉት፤ ከነሱ አንዱ የሐዲድ ጠጋኞቹ ማኅበር ነው። ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ ምክር ቤቱ ሕግ አውጥቶ ስምምነቱን ጫነባቸው፣ አድማው ቀረ። የሕመም ቀኑን ለመጨመር የቀረበውም ሐሳብ በሴኔቱ ወደቀ። ማኅበራቱ ግን ጠረጴዛውን አልለቀቁም። በ2023 መጀመሪያ ላይ አንዱ ትልቅ ድርጅት ከሐዲድ ጠጋኞቹ ማኅበር ጋር በዓመት 4 የሚከፈልበት የሕመም ቀን ተስማማ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አድማው በሕግ ከተዘጋ በኋላ የተገኘ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ ደግሞ፣ የምድር ባቡር ሠራተኞች ድሬዳዋ ላይ ማኅበር የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የሠራተኛ ማኅበርን የሚፈቅደው ሕግ የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። እነሱ ሕግ ሳይኖር ጀምረዋል። ወንድምሽ ሕግ አለው፣ ቦርድ አለው፤ ይግባ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ገላን አካባቢ በባቡር ጭነት ሥራ ላይ ያለ አንድ ድርጅት ውስጥ የዕቃ መጋዘን ያዥ ነው። በቅርቡ ደብዳቤ ሰጥተው "የሥራ መሪ ነህ፣ ማኅበር ውስጥ መሆን አትችልም" አሉት። ደመወዙ አልተጨመረም። ልክ ነው?

መልስ፦ ስሙ አይወስንም፣ ሥልጣኑ ነው የሚወስነው። የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ባለቤትሽ ቁልፍ ይዞ ዕቃ ተቀብሎ የሚያስረክብ ከሆነ ሠራተኛ ነው። የሥራ መዘርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቅና ለማኅበሩ ያሳይ። ይህን ዝም ካለ ነገ የትርፍ ሰዓቱም የዓመት ፈቃዱም በዚያው ደብዳቤ ነው የሚሄድበት፤ አዋጁ የሥራ መሪን አይሸፍንም።

ለፉሪው ልጅ አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የጓደኛህ እግር። "ታመሃል" ያሉት በአጋጣሚ የተመረጠ ቃል አይመስለኝም። በሕጉ ሕመምና የሥራ ጉዳት ይለያያሉ። ለሕመም የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፣ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ነው፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ አያንስም፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ወራት ከግማሽ አያንስም። ሕክምናውም በአሠሪው ነው። ጠጠሩ ላይ የወደቀው ሥራ ላይ እያለ ነው፤ አሠሪው የራሱ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ነፃ አይወጣም። አደጋውን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ካላሳወቁ እናንተ ሄዳችሁ አሳውቁ። ሐኪም ቤት ሲሄድ የተሰጠው ካርድ ላይ ሥራ ላይ እያለ እንደተሰበረ ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ ካልተጻፈ ተመልሶ ለሐኪሙ ይንገርና ያስጽፈው። ያን ሌሊት አብረውት የነበሩት ሦስት አራት ሰዎች ያዩትን ጽፈው ይፈርሙ።

በደብዳቤህ ላይ የወደቀበትን ቀን አልጻፍክልኝም። ቀኑን ጠይቀውና በዚህ ሳምንት ላክልኝ።